ወገብ ያዥና የፍስክ ጣት

ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሙሽራ ልብስ የሚያከራዩ ልጆች ቤት ከፍተዋል። በመስታወቱ ውስጥ ጭንቅላት የሌላት አሻንጉሊት አቁመው ነጭ ቬሎ አልብሰዋታል። ጀርባዋን ወደ መንገድ ያዞሯት ሆን ብለው ነው። የቬሎው ጀርባ ከላይ እስከ ታች እንደ ጫማ በገመድ ይታሰራል፤ ስሙንም ኮርሴት ይሉታል። ቀጭኗም ወፍራሟም ያንኑ አንዱን ልብስ ትከራያለች፤ ገመዱ ይጠብቃል ወይም ይላላል፣ በቃ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የንፋስ መውጫ ነፋስ የገመዱን ጫፍ ያወዛውዘዋል፣ እኔም ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር አየዋለሁ። ደስ አይለኝም። ሰው ሳይለኩ የሚሰፉት ልብስ፣ ሰው ሳያውቁ እንደሚሰጡት ምክር ነው፤ ለሁሉ ይሆናል ሲባል ለማንም አልታሰበም ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ስላቸው ይስቃሉ። «ጋሼ፣ ዘመኑ ነው» ይሉኛል። ዘመኑ መሆኑንማ አውቃለሁ። እኔ ግን ኮርሴት የሚባለውን ነገር ያወቅሁት የእነሱ አባቶች ገና ሱሪ ሳይታጠቁ ነው።

ያኔ ንፋስ መውጫ እንዲህ አልነበረችም። መንገዱ ጠጠር ነበር። የጭነት መኪና ሲመጣ የገበያው ሰው አህያውን እየጎተተ ዳር ዳሩን ይይዛል፣ አቧራው እስኪወርድ ማንም ዋጋ አይናገርም። እኛ ልብስ ሰፊዎች ከገበያው በላይ በጨርቅ ሱቆች በረንዳ ላይ እንቀመጥ ነበር። በረንዳው የባለሱቁ ነው፤ ጨርቅ ገዢ እስካመጣንለት ድረስ ተነሡ አይለንም። ጠዋት የከሰሉ ካውያ ሲጋል፣ ውሃ በተረጨ አቡጀዲ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ የሚቆላ ገብስ ይመስላል። ዛሬ ካውያው የመብራት ነው፣ መብራቱም ሲገኝ ነው፤ ሲጠፋ ግን የድሮውን ካውያ ከመደርደሪያ አውርጄ ከሰል እጨምርበታለሁ፣ ያ ሽታም ይመጣል፣ ከሽታው ጋር የሞቱት ሁሉ በረንዳው ላይ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። የአንድ ክንድ አቡጀዲ ዋጋ ዛሬ አንዲት ቁልፍ አይገዛም። ሴቱ የሚለብሰው ሽንሽን ቀሚስ ነበር፤ ከወገብ በታች እጥፋቱ ብዙ ነው፣ ስትራመድ እንደ ነዶ ይንሿሿል፤ ከወገብ በላይ ግን ደረትን ልክክ አድርጎ ይይዛል። ሙያው ሁሉ ያለው እዚያ ላይኛው ክፍል ላይ ነበር። እጥፋትማ ማንም ያጥፋል።

ያሠራኝ የነበረው ጋሽ አድማሱ ከጎንደር የመጣ ሰው ነበር። ከሳጥኑ ሥር በጋዜጣ የጠቀለለው አንድ ነገር ነበረው። አንድ ቀን ገለጠውና አሳየኝ። ከጡት ሥር እስከ ዳሌ የሚደርስ፣ በውስጡ አጥንት የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥሮች የተሰፉበት፣ ከጀርባው በገመድ የሚጠብቅ፣ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ ልብስ ነው። የፈረንጅ ሴት በጥንት ጊዜ ከቀሚሷ ሥር ትታጠቀው ነበር አለኝ። ከየት እንዳገኘው አንድ ጊዜ ከጣሊያን ቤት ነው ይላል፣ ሌላ ጊዜ ከአርመን ሚስት ነው ይላል፤ እውነቱን አላውቅም።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የሴት አጥር ነው። ፍታው።»

«ከፈታሁት በኋላ ማን ይሰፋዋል?»

«ማን ይሰፋልሃል? አንተ ነሃ። ካልገባህ ደግመህ ፍታው።»

ከዚህ በቀር ያስተማረኝ ነገር የለም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በዚያ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው፣ ስፌት የለየሁት በዚያ ኮርሴት ላይ ነው። ለልጆቼ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ ፈትቶ መልሶ መስፋት ያልቻለ ሰው አወቅሁ አይበል። እንደዚያው አስመስዬ አንድ ሰፋሁና ለባለሱቁ ሚስት ሰጠናት። አጥንቱን በቀርከሃ ስንጥር ተካሁት፤ ቀርከሃው ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ይላጫል፣ ጭስ ላይ ይደርቃል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይለሰልሳል። ሴትዮዋ ለብሳው ወደ ምንጭ ወረደች። ስትመለስ እንስራዋን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ በረንዳው መጣች፣ ልብሱንም ጉልበቴ ላይ ወረወረችው።

«ይህን የፈረንጅ አጥራችሁን ውሰዱልኝ። ውሃ ልቅዳ ነው ወይስ ጀርባዬን ልበሳ?»

ጋሽ አድማሱ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ልብሱን ፈታሁት። ያ ኮርሴት የተሰፋላት ሴት ውሃ በጀርባዋ አዝላ አታውቅም። የእኛዋ ሴት እንስራ ታዝላለች፣ ልጅ ታዝላለች፣ እንጨት ታዝላለች። ስለዚህ እንስራው ከሚያርፍበት ላይ የጀርባውን ስንጥር አሳጠርኩት፤ ለምታጠባ ደግሞ ከፊት የሚከፈት አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ገበያው ወገብ ያዥ ብሎ ስም አወጣለት። ከስማዳም ከእስቴም ሳይቀር ለሰርግ የሚያሰፉ ሴቶች መምጣት ጀመሩ።

ጋሽ አድማሱ የሰው ቁመና በዕቃ ስም ነበር የሚጠራው። ትከሻዋና ዳሌዋ ሰፊ ሆኖ ወገቧ የቀጠነው ሙቀጫ ናት። ከላይ ቀጥና ከታች የምትሰፋው ገንቦ ናት። ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነችው አገዳ፣ ዙሪያዋን የሞላችው ጎታ። ይህን የሚለው በሹክሹክታ ለእኔ ብቻ ነው፤ ሐሜትም አልነበረም፣ የሥራ ቋንቋ ነበር። ሙቀጫን መስፋት ማንም አያቅተውም፣ እግዜር ራሱ ለክቶ ጨርሷታል ይለኝ ነበር። አገዳን ማጥበቅ ጅልነት ነው፤ ለእሷ ከደረትና ከዳሌ ላይ ይጨመርላታል እንጂ ከወገቧ አይቀነስባትም። ጎታን ደግሞ በጉልበት ጠፍንጎ ማሰር ኃጢአት ነው፤ ስንጥሩ ስትቀመጥ ሆዷን እንዳይወጋት ከሥር ይቆረጣል፣ ሥጋዋም የሚሄድበት ይተውለታል። ጠብቆ የታሰረ ሁሉ ያማረ የሚመስለው ሰው ዛሬም ሞልቷል። ጥሩ ወገብ ያዥ ሴቲቱ መልበሷን ረስታ የምትስቅበት ነው።

መለካቱ ራሱ ሥርዓት ነበረው። ወንድ ሰፊ የሴት ገላ አይነካም። እናት ወይም አክስት ጥቁር ክር ይዛ ትለካለች፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከጡቷ ሥር፣ ከወገቧ፣ ከዳሌዋ እያልኩ እነግራታለሁ፣ እሷም በየቦታው ትቋጥራለች። ያንን ባለ ቋጠሮ ክር ተቀብዬ ሴቲቱን ከክሩ አነባታለሁ። ክር ግን የሚለካው የዛሬን ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰፊ የወደቀው። ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ልኩ የሚወሰደው ደግሞ በሁዳዴ ነው። ጾመኛ ወገብ ይዋሻል። በሽሮ የከረመችውን ሴት ለክቶ በዶሮ ቀን የሚያለብስ ሰፊ፣ ልብሱ በድግሱ መካከል ሲቀደድ ይሰማዋል። ከእኛ በረንዳም አንድ ሰፊ ይህን አድርጎ የሙሽሪት ልብስ ጎኑ ጽዋ በተነሣበት ሰዓት ተተርትሯል፤ ሰውየው ያን ዓመት ገበያ አልታየም። ከዚያ ወዲህ በጾም ለተለካ ልብስ ሁሉ በሁለቱም ጎን ከስፌቱ ውስጥ አንዳንድ ጣት ጨርቅ ታጥፎ ይቀራል። የፍስክ ጣት እንለዋለን።

ከፍስክ ጣት ሌላም የሚተው ጨርቅ አለ። ትርፍ ይባላል። ለሙሽራ ሁለት ጣት ይተዋል፣ ትወልዳለችና። ለምታድግ ልጅ ሦስት። ለአሮጊት ምንም አይተውም። አንዴ አንዲት አሮጊት ቀሚሳቸውን ተረክበው በረንዳው ላይ ገለበጡትና ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«አንተ ልጅ፣ ትርፉ የት አለ?»

«እማማ፣ ለእርስዎ አያስፈልግም ብዬ ነው።»

«ከእንግዲህ አትወፍርም ብለህ ፈረድህብኝ? ቀብሬን አየኸው?»

ፈትቼ አንድ ጣት ተውኩላቸው። እስኪሞቱ አልፈቱትም፤ ግን ስፌቱን እየዳሰሱ ቤተ ክርስቲያን ይስሙ ነበር አሉ። ልብስ ሰፊ በአፉ የፈለገውን ይናገራል፤ ስለ ሴቲቱ የሚያስበው እውነት ግን ያለው በውስጥ ስፌቱ ነው። ሰርግ ላይ ኮረዶቹ ወገብ ያዤን አይተው ይዘፍኑብኝ ነበር፤

ቀጭን ናት አትበሉ ወገቧን አይታችሁ፣
እሷማ ሰፊ ናት ሰፊው አታለላችሁ።

እኔ ዳስ ጥግ ተቀምጬ የማልሰማ እመስላለሁ። የእውነት ማታለል ቢሆን እዚያ አልቀመጥም ነበር።

አንድ ዓመት ከስማዳ አንዲት እናት ልጇን ጥሩወርቅን ይዛ መጣች። ልጅቱ የታጨች ናት፣ መልኳ ያማረ፣ ጀርባዋ ግን ወደ ቀኝ የጎበጠ ነው፤ አንዱ ትከሻዋ ከሌላው ከፍ ይላል። እጮኛዋ ያውቃል፣ ውሃ ስትቀዳ እያያት ያደገ ጎረቤቷ ነው፣ እሷንም እንደዚያው ወዷታል። እናቲቱ የፈለገችው ሌላ ነው፦ በሰርጉ ቀን ዘመድ ሁሉ ከንፈሩን እንዳይመጥባት። ክሩን ስቀበል ቋጠሮው በግራና በቀኝ አንድ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ክር ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። በጎደለው ጎን ንጹህ ጥጥ ሞላሁ፣ በሞላው ጎን ስንጥሩን እንደ ጀርባዋ አጎበጥኩት፣ በላዩ ሽንሽን ቀሚሷን ሰፋሁ። በሰርጉ ቀን እንደ ጧፍ ቀጥ ብላ ቆመች። እናቷ አለቀሰች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በእኛው ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ ወሬ ተዛመተ፤ የጋይንቱ ልብስ ሰፊ ጎባጣ ጀርባ ያቀናል። ጥጥ ነው ብዬ ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም። ሰው ተስፋ ሲያገኝ ጆሮውን ይዘጋል።

ጥሩወርቅ ከዚያ በኋላ በየጊዜው እየመጣች ወገብ ያዡን አስፈታችው። ጀርባዋ ይበልጥ እየጎበጠ ይሄዳል፤ እኔም በቀኝ የተውኩትን ትርፍ በጥቂት በጥቂቱ እለቅለታለሁ። በመጨረሻ የመጣች ቀን አንድ ወንድ ልጅ አዝላ ነበር፣ ትንፋሿ አጥሯል፣ አቀበቱን ሦስት ጊዜ አርፋ ነው የወጣችው። ስፌቱን ገልብጣ አሳየችኝና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ትርፉ አለቀ።»

ሌላ ልስፋልሽ አልኳት። «ለሌላ አልደርስም» አለችኝ፤ ይህንንም እየሳቀች ነው። አልደረሰችም።

ይህን ሁሉ የሚያስታውሰኝ የማዶው ቬሎ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር። ባለፈው ሁዳዴ እስቴ መካነ ኢየሱስ ያገባች ልጄ ሙሉ፣ የልጇን እጅ ይዛ በደብረ ታቦር ዞራ መጣች። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ሲከፈት ጠብቃ ነው የመጣችው። ልጇ ቅድስት ዘጠነኛ ክፍል ናት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ድንገት በቁመት ተመዛለች። ደጃፉ ላይ ቆማ ስትስመኝ እጄ ትከሻዋ ላይ አረፈ፣ ቀኙ ከግራው ከፍ ብሎ አገኘሁት። እጄን አላነሣሁትም፤ ያወቅሁትን እንዳታውቅብኝ።

ሙሉ ከቦርሳዋ ትልቁን የራጅ ፎቶ አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘችልኝ። የልጅቱ አከርካሪ እንደ ጉና ተራራ መንገድ ተጠማዟል። ሐኪሙ በትክክል ነግሯቸዋል፤ የሚታሰረው ድጋፍ ጊዜው አልፏል፣ የሚረዳት ኦፕራሲዮን ነው፣ እሱም የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ወረፋ ይዘዋል። ሲደርሳችሁ ይደወልላችኋል ተብለዋል። እሷ እያደገች ነው፣ ወረፋው ግን አያድግም። ስልኩ ደግሞ ብዙ ቀን አይሠራም።

«አባየ» አለች ሙሉ፣ «ለጥሩወርቅ የሰፉላትን ዓይነት ወገብ ያዥ ይስፉላት። እርስዎ ያቀኑታል።»

«ማን አቀናው?»

«እኔ አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ ሰርጉ ላይ ነበርኩ። እንደ ጧፍ ቀጥ ብላ ነበር።»

«ቀጥ ያለው ጥጡ ነው፣ ሙሉ።»

«ይሁን። ቢያንስ እንዳይብስባት ይይዝላታል።»

«አይይዝም። ሐኪሙ የነገረሽን እኔ አልሽርልሽም። እሱ የተማረውን እኔ አልተማርኩም።»

ፎቶውን አጠፈችና ጉልበቷ ላይ አደረገችው። «ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ወረፋው እስኪደርስ ምን ላድርግ? አንድ ነገር ይንገሩኝና እሱን ላድርግ።»

ልጆቼን ያሳደግሁት አይሆንም ካልኩ አይሆንም በማለት ነው። ያን ቀን ግን የሚሆን ነገር ስላልነበረኝ አይሆንም ማለቱም ከበደኝ። ክሩን አነሣሁና ሰጠኋት። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እናት ልጇን ለካች፣ እኔ ቦታውን ነገርኳት። ስትጨርስ ክሩን ተቀበልኩ። በግራና በቀኝ ያለው ልዩነት ከጥሩወርቅ ይበልጣል።

ሙሉ የቤቱን ነገር ልታዘጋጅ ወደ ውስጥ ስትገባ ቅድስት ከጎኔ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቀርከሃውን ስልግ ታየኛለች። ማዶ ወዳለችው አሻንጉሊት ጠቁማ፣ «አባባ፣ እሷንም ይለኩልኝ፣ ጭንቅላት ሳይኖራት ነው የሚድሯት» አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይህ ቀጥ ያደርገኛል?»

«አያደርግሽም።»

«አውቃለሁ። ስልክ ላይ አንብቤዋለሁ።» ከወለሉ ላይ የቀርከሃ ልጣጭ አንሥታ በጣቷ ጠቀለለችው። «እማዬ ግን አታውቅም። እንዳይነግሯት።»

«ነግሬያታለሁ። አልሰማችኝም።»

«ታዲያ ለምን ይሰፉታል?»

ለልጅ ውሸት አልናገርም። የምመልሰውን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። «ንፋስ መውጫ ይበርዳል፣ እስቴም ይበርዳል። ጀርባሽን ያሞቅሻል» አልኳት። ይህ እውነት ነበር። ራሷን ነቀነቀች፣ የበቃት መሰለች። ስትተነፍስ ሰማኋት፤ ከሱቁ በር እስከ በርጩማው ያለው መንገድ አድክሟታል።

በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ የሰፋሁት ልብስ የለም። ስንጥሩን ጎኗን እንዳይወጋት እንደ ወረቀት አሳሳሁት። ሳንባዋ እንዲሰፋ የፊቱን ክፍት ተውኩት፤ በገመድ ሳይሆን በሚላላ ጥብጣብ አያያዝኩት። ውስጡን ፍላኔል አለበስኩት፣ ጥጡን ከስማዳ የመጣ ንጹሑን መረጥኩ። ከላይ ሲያዩት ምንም አይወጣለትም። ከዚያ የጎኑን ስፌት ልዘጋ ስል እጄ ቆመ። ስንት ጣት ልተው? ብዙ ብተው ፍርድ ነው። ባልተው ውሸት ነው፤ ደግሞም ከጥቂት ወር በኋላ ይወጋታል። ጥሩወርቅ በቀኝ ስንት ጣት እንደበላች አስታወስኩ። ትርፍ ያልተወ ሰፊ ነገን ሰርቋል እያልኩ ስንቱን ወጣት ገሥጫለሁ። ተውኩ፣ አጠፍኩ፣ ሰፋሁ።

ሊሄዱ ባሉበት ጠዋት አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ሙሉ ወገብ ያዡን ተቀበለችኝ። ወደ በሩ ብርሃን ወጣችና፣ ለልጅቱ ከማልበሷ በፊት ገልብጣ ያዘችው። ይህን ልማድ ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ በስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጣ ያደገች ናት፣ ገና ፊደል ሳትቆጥር የሰውን ልብስ ትርፍ በጣቷ እየዳሰሰች ይቺ ሙሽራ ናት፣ ይቺ አሮጊት ናት ትለኝ ነበር። ጣቷን በግራው ስፌት ውስጥ አስገባች።

«አንድ ጣት» አለች። «የፍስክ ናት።» ፈገግ እንደማለት አለች።

ወደ ቀኙ ዞረች። አንድ ጣት ገባ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውም ገባ። እጇ እዚያው ቀረ። ቅድስት ማዶ ያሉትን ልጆች እያየች ነበር፣ ወይም የምታይ መሰለች። ጨርቅ ተርፎኝ ነው ማለት እችል ነበር። ሙሉ ግን ጨርቅ ተርፎኝ እንደማያውቅ ታውቃለች።

አውቶቡሱ ደግሞ ነፋ። ሙሉ ልብሱን ወደ ውጭው በኩል መለሰችው፣ ልጇን ጠራች፣ አለበሰቻት፣ ጥብጣቡን በቀስታ አሰረችላት፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ልጅቱ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ሙሉ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኔን አላየችም፣ የስፌት መኪናውን ነበር የምታየው።

«አባየ፣ ከዚሁ ክር ይስጡኝ። ትርፉን ስለቀው ቀለሙ እንዳይለይ።»

ከመኪናው ላይ ነቅዬ ሰጠኋት። የሚበቃትን ያህል ልትቆርጥ መቀሱን አነሣች። መቀሱን ከእጇ ወሰድኩና ጥቅሉን እንዳለ አስያዝኳት።